አራቱም ኢንዲኬተር አረንጓዴ ሲሆን ገበያው ለምን ይዞራል?

ናቲ_ሳሪስ፦
ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ። ጥያቄ አለኝ ትንሽ ረዘም ይላል ታገሱኝ። ቢትኮይንና ኢቴሪየም ላይ በ15 ደቂቃ ቻርት ነው ምሰራው (አንዱ ካንድል፣ ማለትም የዋጋ ባር፣ 15 ደቂቃ ነው)፣ ፊውቸርስ (ኮይኑን ሳልይዝ በዋጋው ላይ የሚደረግ ውል)፣ ሌቨሬጅ 10 (ባስያዝኩት ገንዘብ 10 እጥፍ)። ኢንዲኬተር (ካለፈ ዋጋ ተሰልቶ አቅጣጫ የሚጠቁም መስመር) ቻርቴ ላይ አራት ነው፣ ኢኤምኤ 50 እና 200 (የ50 እና የ200 ካንድል ዋጋ አማካይ) አሉ፣ ማክዲ አለ፣ ሱፐርትሬንድ በዲፎልቱ 10 እና 3፣ በቅርቡ ደሞ ኢቺሞኩ ጨመርኩበት። ህጌ ቀላል ነው፣ አራቱም ካልተስማሙ አልገባም፣ አራቱም አረንጓዴ ሎንግ (ይወጣል ብዬ)፣ አራቱም ቀይ ሾርት (ይወርዳል ብዬ)። ወደኋላ ስክሮል አርጌ ሳየው ትልልቆቹን እንቅስቃሴዎች በሙሉ ይዟቸዋል ምርጥ ነው የሚመስለው። ላይቭ ላይ ግን አራቱም የተስማሙበት ካንድል ብዙ ጊዜ የእንቅስቃሴው ጫፍ ይሆናል፣ ገባሁ ስል ይዞራል፣ ስቶፔን (ኪሳራ ሲበዛ በራሱ የሚያወጣኝን ትእዛዝ) ይመታና ደሞ ተመልሶ እኔ ባልኩት አቅጣጫ ይሄዳል። አንዱ ሴቲንጉን ቀይር ይለኛል፣ ሌላው አምስተኛ ጨምር ይለኛል። እስቲ ልምድ ያላችሁ፣ ከትሬንድ (የዋጋ አቅጣጫ) ኢንዲኬተሮች ትክክለኛው የቱ ነው?

ቦሌ_ሆልደር፦
ትክክለኛው ኢንዲኬተር ገዝቶ አፑን ማጥፋት ነው ሃሃሃ። ይቅርታ ቀጥሉ።

ኮደሩ፦
ናቲ ጥያቄህ ላይ ራሱ መልሱ አለ። ማክዲ ምንድነው? ኢኤምኤ 12 ሲቀነስ ኢኤምኤ 26 ነው፣ አለቀ። ማክዲው ዜሮን አቋረጠ ማለት ኢኤምኤ 12 ኢኤምኤ 26ን አቋረጠ ማለት ነው፣ ከታች በሌላ መስኮት ስለተሳለ አዲስ ነገር ይመስላል እንጂ ያው ሙቪንግ አቬሬጅ (ተንቀሳቃሽ አማካይ) ነው። የኢቺሞኩ መስመሮች የ9፣ የ26 እና የ52 ካንድል ከፍተኛና ዝቅተኛ ዋጋ መሀል ናቸው። ሱፐርትሬንድ የካንድሉን መሀል ዋጋ ወስዶ 3 እጥፍ ኤቲአር (የካንድሎቹ አማካይ የእንቅስቃሴ ስፋት) ይደምርበታል ወይ ይቀንስበታል። አራቱም ሚበሉት አንድ ምግብ ነው፣ ያለፈ ዋጋ። አራት ምስክር አቀረብኩ ብለህ አራቱም ወሬውን የሰሙት ከአንድ ሰው ከሆነ ዳኛው ስንት ምስክር ብሎ ይቆጥራቸዋል?

ሁለተኛው ደሞ የበለጠ የሚጎዳህ ይሄ ነው፣ ሁሉም እስኪስማሙ ስትጠብቅ የምትገባው በጣም ዘገምተኛው በፈቀደልህ ሰዓት ነው። የ200 ካንድል አማካይ በግምት 100 ካንድል ወደኋላ ነው የሚያወራው። በ15 ደቂቃ ቻርት 200 ካንድል 50 ሰዓት ነው፣ ስለዚ መስመርህ እየነገረህ ያለው የዛሬ 25 ሰዓት አካባቢ የነበረውን ነገር ነው። በ15 ደቂቃ ቻርት ላይ ያለ እንቅስቃሴ ደሞ ብዙውን ጊዜ 25 ሰዓት እንኳ አይቆይም። ጫፍ ላይ ገባሁ የምትለው እድል ጠምዞብህ አይደለም፣ ህግህ ጫፍ ላይ እንድትገባ ነው የተሰራው።

ናቲ_ሳሪስ፦
ኧረ ይሄን ማንም ነግሮኝ አያቅም። ግን ሰዎች ኮንፍሉዌንስ ሚሉት ነገርስ? ብዙ ሲስማማ ይጠነክራል ይባላል አይደል

ኮደሩ፦
የተለያየ ነገር ሲሆን ነው። ዋጋ እና ቮልዩም (የተገበያየው መጠን)፣ ወይ ዋጋ እና ፈንዲንግ ሬት (ሎንግና ሾርት ያሉት በየጊዜው እርስ በእርስ የሚከፍሉት)፣ ወይ ዋጋ እና ኦፕን ኢንተረስት (ያልተዘጉ ውሎች ብዛት)። ሙቪንግ አቬሬጅና ሙቪንግ አቬሬጅ ተስማሙ ማለት አንድ ሰው ከራሱ ጋር ተስማማ ማለት ነው።

ትዕግስት_ኤፍኤክስ፦
ከፎሬክስ ነው የመጣሁት እዛ ላይ እኔ አንድ ነገር ልጨምር። ትሬንድ ኢንዲኬተር ስራው ትሬንድ ሲኖር ነው፣ ትሬንድ መኖሩን ራሱ ግን አይነግርህም። ሬንጅ (ዋጋው አቅጣጫ ሳይዝ በአንድ ክልል ሲመላለስ) ውስጥ ሱፐርትሬንድ ላይ ታች ሲል ይውላል አንተም አብረኸው ላይ ታች ስትል ትውላለህ። ለዚህ ኤዲኤክስ የሚባለውን ኢንዲኬተር ብታይ ጥሩ ነው፣ አቅጣጫ አይነግርህም ጥንካሬ ብቻ ነው ሚለካው፣ ከ20 በታች ከሆነ ትሬንድ የለም ብለህ ቁጭ በል ከ25 በላይ ሲወጣ ነው ሚወራው። እሱም ዋጋን ነው ሚበላው ኮደሩ እንዳትቆጣኝ፣ ግን የተለየ ጥያቄ ነው ሚጠይቀው። ይገርማችኋል ኤዲኤክስም አርኤስአይም ኤቲአርም ፓራቦሊክ ሳርም የአንድ ሰው ስራ ናቸው፣ ዌልስ ዋይልደር የሚባል መካኒካል ኢንጂነር የነበረ ሰው በ1978 ነው በአንድ መጽሐፍ ያወጣቸው፣ ያኔ ሰው በካልኩሌተር እያሰላ በወረቀት ላይ ነበር ሚስለው፣ በቀን አንድ ቁጥር ነው ሚፅፈው። ለዴይሊ (የቀን) ዋጋ የተሰራን ነገር 15 ደቂቃ ላይ ገጥመን ለምን አልሰራም እንላለን።

የኢቺሞኩ 26 ራሱ ያኔ የጃፓን ገበያ ቅዳሜም ይሰራ ስለነበር የአንድ ወር የስራ ቀን ነው ይባላል። ክሪፕቶ ቅዳሜ የለው እሁድ የለው።

ዱባይ_ለሊት፦
ሁላችሁም ስለ መስመር ታወራላችሁ ሌቨሬጅ 10 ያለውን ማንም አልነካውም። እስቲ ሂሳብ እንስራ። ቴከር ፊ (ወዲያው ስትገዛና ስትሸጥ ኤክስቼንጁ፣ ማለትም መገበያያው፣ የሚቆርጠው) 0.05 ፐርሰንት በለው፣ ሲገባም ሲወጣም ስለሚቆረጥ 0.1 ፐርሰንት፣ በ10 ሌቨሬጅ ከማርጂንህ (ካስያዝከው ገንዘብ) 1 ፐርሰንት ነው። በቀን አምስቴ ከገባህ ከወጣህ 5 ፐርሰንት ለኤክስቼንጁ አስረክበሃል፣ አሸነፍክም ተሸነፍክም። ፈንዲንግ ደሞ በየ8 ሰዓቱ፣ በተለመደው 0.01 እንኳ ብናስበው በቀን 0.03 ነው በ10 ሌቨሬጅ ከማርጂንህ 0.3፣ ገበያው ሲግል ደሞ ከዛም በላይ ይሄዳል፣ እና ትሬንድ ኢንዲኬተር ሎንግ ሚልህ ልክ ሁሉም ሎንግ ሆኖ ፈንዲንጉ በወጣበት ሰዓት ነው። በወረቀት 55 ፐርሰንት ሚያሸንፍ ሲስተም ከፊ በኋላ ኪሳራ ሊሆን ይችላል።

ሌላው ኦክቶበር 10 2025 ነው። እዚህ ለሊት ሽፍት ላይ ነበርኩ፣ ትራምፕ ቻይና ላይ የ100 ፐርሰንት ታሪፍ ብሎ ሲለጥፍ በዱባይ ከእኩለ ሌሊት አልፎ ነበር። ቢትኮይን ገና በዛው ሳምንት ኦክቶበር 6 ከ126 ሺህ በላይ ሪከርድ የሰበረ ነው፣ ዴይሊ ቻርት ላይ አብዛኛው ትሬንድ ኢንዲኬተር አረንጓዴ ነበር። በሰዓታት ውስጥ ከ19 ቢሊዮን ዶላር በላይ ፖዚሽን (ክፍት ውል) ሊኩዊዴት ሆነ (ማስያዣው ስላለቀ ኤክስቼንጁ በግድ ዘጋው)፣ እስከዛ ቀን ከተመዘገበው ሁሉ ትልቁ ነው። አልትኮይኖቹማ (ከቢትኮይን ውጭ ያሉት) ግማሽ ዋጋቸውን በደቂቃዎች ያጡ ነበሩ። በ10 ሌቨሬጅ 10 ፐርሰንት አካባቢ ከሄደብህ አለቀልህ፣ ሜይንተናንስ ማርጂኑ (ፖዚሽኑ ክፍት እንዲቆይ የሚጠየቀው ዝቅተኛ ማስያዣ) ስለሚቆጠር እንደውም ከ10 በታች። ኢንዲኬተሩ ቀይ ሲሆን አንተ ቀድመህ ወጥተሃል፣ አውጥተውሃል ማለት ይሻላል።

ሲግናል_ቪአይፒ፦
[መልእክቱ በአስተዳዳሪ ተነስቷል]

አስተዳዳሪ፦
የ98 ፐርሰንት ትክክለኛ ሲግናል (ግዛ ሽጥ የሚል ጥቆማ) ማስታወቂያ እዚህ ቤት አይለጠፍም፣ ሁለተኛ ካየሁ አካውንቱን እዘጋዋለሁ። አዲስ ለገባችሁም እንደተለመደው ላስታውስ፣ ብሔራዊ ባንክ በ2022 ክሪፕቶን ለክፍያና ለግብይት መጠቀም ህጋዊ እንዳልሆነ አስጠንቅቋል፣ ሀገር ውስጥ ያላችሁ ይሄን አውቃችሁ ነው እንጂ አላወኩም እንዳትሉ። ውይይቱ ቻርት ላይ ይሁን፣ የፒቱፒ (ሰው ለሰው ሽያጭ) ሻጭ ፍለጋ እዚህ አይደለም።

ናቲ_ሳሪስ፦
ተነሳ እንጂ እኔም በውስጥ ልኮልኝ ነበር ሃሃ። አንድ ነገር ግን ልጠይቅ፣ የላከልኝ ቻርት ላይ ያለው ኢንዲኬተር ቀስቶቹ በትክክል ታች ላይ ግዛ ጫፍ ላይ ሽጥ ይላሉ፣ አንዱ እንኳ አልተሳሳተም። ይሄ እንዴት ሆነ? ፎቶሾፕ ነው?

ኮደሩ፦
ፎቶሾፕ አያስፈልገውም፣ ሪፔይንት ነው። ቀስቱ የተሳለው ካለፈ በኋላ ነው። ዚግዛግ (ጫፍና ታችን በመስመር የሚያገናኝ) ላይ የተሰራ ኢንዲኬተር ጫፉ ጫፍ መሆኑን ሚያውቀው ዋጋው ከወረደ በኋላ ነው፣ ከዛ ወደኋላ ተመልሶ ጫፉ ላይ ቀስት ይተክላል። ሌላው ዘዴ ከትልቅ ታይምፍሬም ዳታ ሲጠራ ገና ያልተዘጋውን ካንድል መዝጊያ ቀድሞ ማየት ነው፣ ባክቴስቱ (ህጉን ባለፈ ዋጋ ላይ መሞከሩ) የነገን ጋዜጣ አንብቦ ዛሬ ይገዛል ማለት ነው። ሶስተኛው ሀይኪን አሺ ካንድል ላይ ባክቴስት ማድረግ፣ እዛ ላይ ያለው ዋጋ የተሰላ አማካይ ነው ገበያ ላይ ማንም በዛ ዋጋ አልሸጠም አልገዛም፣ ውጤቱ ግን ሁሌ ወደላይ የሚወጣ ውብ መስመር ይሆናል።

መያዣው ቀላል ነው። ሪፕሌይ ሞድ (ያለፈውን ቻርት መልሶ ማጫወቻ) ክፈትና ካንድል በካንድል አስኪደው፣ ቀስቱ የወጣበትን ካንድል በስክሪንሾት ያዝ፣ ከዛ ከሃያ ካንድል በኋላ እዛው ቦታ ላይ አለ ወይ ብለህ እይ። ሪፕሌይ ላይ የማይሰራ ከሆነ ደሞ አለርት አስሞልተህ አለርቱ የመጣበትን ሰዓት ከቀስቱ ጋር አስተያይ። የአንተም ሱፐርትሬንድ ካንድሉ ሳይዘጋ ቀለም ይቀይራል ይመልሳል፣ እሱ ማጭበርበር አይደለም ግን ሳይዘጋ ከገባህ ራስህን ነው ምታጭበረብረው።

ሄለን_ዲሲ፦
ናቲዬ ሰላም። እኔ ፊውቸርስ አልነካም፣ ስፖት (ኮይኑን ራሱን ገዝቶ መያዝ) ብቻ፣ ቢትኮይንና ኢቴሪየም፣ ያውም ዊክሊ ቻርት ላይ። የምጠቀመው የ20 ሳምንት አማካይና የ21 ሳምንት ኢኤምኤ ነው፣ ሰዎች ቡል ማርኬት ሰፖርት ባንድ ይሉታል። ሳምንቱ ከሁለቱ በላይ ሲዘጋ እይዛለሁ፣ ከሁለቱ በታች ሲዘጋ እቀንሳለሁ፣ ሙሉ በሙሉ አልወጣም። በሳምንት አንዴ ነው ማየው እሁድ ማታ። አሰልቺ ነው አዎ ባለቤቴም ይስቅብኛል።

እዚህ አሜሪካ ላላችሁ ደሞ እያንዳንዱ ሽያጭ ታክስ አለው፣ ከዓመት በታች የያዝከው ትርፍ እንደ ደሞዝህ ነው ሚታክሰው። በ15 ደቂቃ ቻርት ሚሰራ ሰው ኤፕሪል ሲደርስ የሚጠብቀውን ወረቀት እስቲ አስቡት። ባክቴስት ላይ ይሄን ሚያስገባ ሰው አይቼ አላቅም።

ቦሌ_ሆልደር፦
ታዲያ ሄሉ አንቺም ሆልደር (ገዝቶ ዝም ብሎ የሚይዝ) ነሽ በይኛ፣ ለምን ታደክሚያለሽ። መስመሩ ሳይኖር ብትይዢው ይሻልሽ ነበር።

ባለ200፦
ልጆች እኔ ቁጥር ይዤ መጣሁ። ሰው ሁሉ ጎልደን ክሮስ ዴዝ ክሮስ ሲል ይውላል እስቲ ቢትኮይን ላይ ምን እንደሰራ እንይ። የ50 ቀን አማካይ የ200 ቀኑን ወደ ላይ ሲያቋርጥ ጎልደን ክሮስ ነው፣ ግዛ፣ ወደ ታች ሲያቋርጥ ዴዝ ክሮስ ነው፣ ሽጥ፣ ዴይሊ፣ ስፖት። ሆን ብዬ ከመጥፎው ቦታ ነው ምጀምረው። ዋጋዎቹ ገደማ ናቸው፣ ወራቶቹ በፈረንጅ።

ፌብሩዋሪ 2020 ጎልደን ክሮስ፣ ዋጋው 10,000 አካባቢ። ወር አልቆየም ማርች 12 መጣ፣ ኮቪድ፣ በአንድ ቀን ግማሽ ሊሆን ምንም አልቀረውም ከ4,000 በታችም ነካ። ዴዝ ክሮሱ መች መጣ? ማርች መጨረሻ፣ ታቹ ካለፈ በኋላ፣ 6,700 አካባቢ። ያኔ የሸጠ ሰው ከምርጥ መግዣ ቦታዎቹ አንዱ ላይ ሸጠ። ሜይ ላይ ደግሞ በ9,300 አካባቢ ግዛ አለው። ማን ይገዛል? አንድ ሦስተኛ ገንዘቡን ወስዶበት ተመልሶ በውድ ግዛ ሲለው ዘጠኙ ከአስሩ ተሳድቦ ነው ሚሄደው። የገዛ ግን እስከ ጁን 2021 ያዘ፣ 64 ሺህ ደርሶ ተመልሶ በ35,500 አካባቢ ነው ሽጥ ያለው። ጫፉን አላገኘም፣ አያገኝምም፣ ግን ወደ 3.8 እጥፍ ነው።

ከዛ ሴፕቴምበር 2021 በ47,000 ገባ፣ ጃንዋሪ 2022 በ43,000 ወጣ፣ ኪሳራ። ግን ከወጣ በኋላ ሉና (በ2022 የወደቀ ኮይን) አለ፣ ኤፍቲኤክስ (በዛው ዓመት የከሰረ ኤክስቼንጅ) አለ፣ 15,500 ድረስ ሲወርድ ዶላር ይዞ ተቀምጧል። ፌብሩዋሪ 2023 በ23,000 ገባ፣ ሴፕቴምበር በ26,000 ወጣ፣ ልክ ከመነሳቱ በፊት። ኦክቶበር መጨረሻ በ34,500 ተመልሶ ገባ፣ ኦገስት 2024 በ60,500 ወጣ። ኦክቶበር 2024 በ68,000 ገባ፣ ኤፕሪል 2025 በ79,000 ወጣ። ሜይ 2025 በ110,000 ገባ፣ ኖቬምበር በ94,500 ወጣ።

ሰባት ትሬድ ነው። አባዙት፣ ገንዘቡ 4.6 እጥፍ ገደማ ሆኗል።

ቦሌ_ሆልደር፦
እና ከ10,000 እስከ 94,500 ዝም ብሎ የያዘ 9.4 እጥፍ። ጋሼ ለኔ እየሰሩልኝ ነው እኮ ሃሃሃሃ አመሰግናለሁ

ባለ200፦
አውቄ ነው ያልደበኩት። ግን አንድ ነገር ቀጥልበት፣ አንተ ከ69,000 እስከ 15,500 ድረስ ይዘህ ወርደሃል 77 ፐርሰንት ነው። የክሮሱ ሰው በዛው ዑደት ከ64 ሺህ እስከ 35 ተኩል፣ ከዛ ላይ የቀጣዩ ኪሳራ ሲደመር ወደ 50 ፐርሰንት ነው የወረደው። 50 የወረደ ለመመለስ እጥፍ መሆን አለበት፣ 77 የወረደ ከአራት እጥፍ በላይ። አንተ እንደያዝከው አልጠራጠርም፣ ግን በ2022 መጨረሻ ላይ እዚሁ ቤት አለቀ ሞተ ሲባል የነበረውን ክር ከፍተህ እይ ስንት ሆልደር እንደቀረ።

ለናቲ ግን ከዚህ ሁሉ ቁጥር ውስጥ ልታየው ሚገባው ሌላ ነው። ሰባቱን ትሬድ ዘርዝር፣ የሜይ 2020ውን ብቻ አውጣውና መልሰህ አባዛ። ከ4.6 እጥፍ ወደ 1.2 እጥፍ ይወርዳል። ሌሎቹ ስድስት ተደምረው ያን ያህል ነው ያመጡት። ትሬንድ መከተል ማለት ይሄ ነው፣ አንዷን ትልቅ ትሬድ ለማግኘት ትንንሾቹን ሁሉ መታገስ። እና ያቺ አንዷ የመጣችው ከሁሉም አስቀያሚው ሲግናል ቀጥሎ ነው። ሴቲንግ ቀይር፣ ኢንዲኬተር ጨምር፣ አንዷን ዝለል ስትል ምትዘላት የትኛዋ እንደምትሆን አታውቅም።

ናቲ_ሳሪስ፦
ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልን፣ እርሶ የጻፉትን ሴቭ አረኩት። አንድ ጥያቄ፣ ታዲያ ትሬንድ መከተል ያሸንፋል ወይስ አያሸንፍም፣ ሆልደሩ ከበለጠው ምን ሊጠቅመን ነው?

ሄለን_ዲሲ፦
ቢትኮይን ላይ ነው ሆልደሩ የበለጠው ናቲ። እስቲ ሉና ላይ ሆልድ በለው። ኤፕሪል 2022 ወደ 119 ዶላር ደርሶ ነበር፣ ሜይ አጋማሽ ላይ ዜሮ ነጥብ ዜሮ ዜሮ ነበር። የ50 ቀን አማካይ የሚከተል ሰው ስለ አልጎሪዝሚክ ስቴብልኮይን (በኮድ ብቻ ዋጋውን አንድ ዶላር ላይ ለመያዝ የሚሞክር፣ ሉና የተያያዘበት ኮይን) ምንም ሳያቅ ከውድቀቱ ቀናት በፊት በ80ዎቹ ውስጥ ወጥቷል፣ ምክንያቱን አላወቀም ማወቅም አላስፈለገውም። ሆልደሩ ነው ፕሮጀክቱን ያነበበው። በ2021 ሲያብዱልን ከነበሩት ኮይኖች ስንቱ ነው ተመልሶ የመጣው፣ ዝርዝሩን ራሳችሁ ታውቁታላችሁ። የትኛው ቢትኮይን የትኛው ሉና እንደሚሆን ቀድሞ ለማያውቅ ሰው ነው መውጫ ሚያስፈልገው።

ቦሌ_ሆልደር፦
እሺ ይሄን ወስጃለሁ። አልት ላይ እኔም ሆልድ አልልም።

ትዕግስት_ኤፍኤክስ፦
ጋሼ ያሉትን በቁጥር ልድገመው ምክንያቱም ሰው ሚወድቀው እዚህ ነው። ከ100 ትሬድ 35 ብቻ ብታሸንፍና ስታሸንፍ ያስያዝከውን 3 እጥፍ ብታገኝ 105 ገባ 65 ወጣ፣ 40 ትርፍ አለህ፣ በጣም አሪፍ ሲስተም ነው። ግን 65 ፐርሰንት ምትሸነፍበት ሲስተም በ100 ትሬድ ውስጥ 8 ተከታታይ ኪሳራ ሊያሳይህ የሚችለው ከማያሳይህ ይበልጣል። ስድስተኛው ላይ ሰው ኢንዲኬተሩን ይቀይራል፣ ሰባተኛው ላይ ሌቨሬጅ ይጨምራል።

ስለዚ መጠኑ ነው ወሳኙ። 500 ዶላር አለህ እንበል፣ በአንድ ትሬድ 1 ፐርሰንት ነው ምታጣው ብለህ ወስን፣ 5 ዶላር። ስቶፕህ ከመግቢያህ 8 ፐርሰንት ይርቃል በዴይሊ ሱፐርትሬንድ በቃ እንደዛ ነው ሚሆነው። 5 ለ 0.08 ስታካፍለው 62.5 ዶላር፣ ምትገዛው ያን ያህል ነው፣ 500 እያለህ ሌቨሬጅ ምን ልታረገው ነው? መጀመሪያ ስቶፑን ቻርቱ ይወስናል፣ ከዛ መጠኑን ስቶፑ ይወስናል። ብዙ ሰው ተገላቢጦሽ ነው ሚሰራው መጠኑን ወስኖ ስቶፑን ሚያስጠብበው፣ ናቲ የአንተም ስቶፕ ተመትቶ ዋጋው ሚመለስብህ ለዛ ይመስለኛል፣ 10 ሌቨሬጅ ራቅ ያለ ስቶፕ ስለማይፈቅድልህ።

ዱባይ_ለሊት፦
ትዕግስት 👏 62 ዶላር ላይ ማን ሀብታም ይሆናል ይሉሻል አሁን።

ትዕግስት_ኤፍኤክስ፦
ይበሉኛ። 500 ዶላሩ ዘንድሮ ይኑር መጀመሪያ።

ጉለሌ_ዩኤስዲቲ፦
እኔ ምንም ሳልሰራ ከሁላችሁም በለጥኩ፣ ከጁላይ 2024 በፊት ዩኤስዲቲ (ዋጋው ከዶላር ጋር የታሰረ ኮይን) ይዤ ዝም ብዬ ነበር በብር ሳየው እጥፍ ሆነ ሃሃሃ

ሄለን_ዲሲ፦
ሃሃ ቀልድህ ቁም ነገር አለው ግን። ሀገር ውስጥ ያላችሁ ትርፋችሁን በብር ከቆጠራችሁ ራሳችሁን ታታልላላችሁ፣ ብር ጁላይ 29 2024 ከተለቀቀ ወዲህ ከ57 አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ከ100 አለፈ። በዛ ጊዜ በዶላር ሰላሳ ፐርሰንት የከሰረ ሰው በብር አትራፊ ነኝ ብሎ ሲያወራ ነበር። የሲስተማችሁን ውጤት በዶላር መዝግቡት፣ ብሩን ሌላ ቦታ።

ናቲ_ሳሪስ፦
እሺ ገባኝ፣ ወደ ዴይሊ ልዙር ብዬ ወስኛለሁ፣ ስፖት፣ ሁለት ኮይን። ግን ዴይሊ ካንድል መቼ ነው ሚዘጋው? በኛ እኩለ ሌሊት ነው? ስራ አለኝ ሌሊት አልነሳም

ኮደሩ፦
በዩቲሲ (ዓለም አቀፍ ሰዓት) 0 ሰዓት ነው ሚዘጋው፣ አዲስ አበባ ላይ ከሌሊቱ 9 ሰዓት። ማንቂያ ሞልተህ እንዳትነሳ፣ አያስፈልግም። ጠዋት 1 ሰዓት ስትነሳ የተዘጋውን ካንድል እይ፣ ሲግናል ካለ ያኔ ግባ። በዴይሊ ሲስተም የአራት ሰዓት ልዩነት ብዙ ጊዜ ከስቶፕህ ርቀት አንፃር ትንሽ ነው፣ አንዳንዴ ይጠቅምሃል አንዳንዴ ይጎዳሃል። ባክቴስትህን ግን እንደዛው አርገህ ሰራው፣ መግቢያው በመዝጊያው ዋጋ ሳይሆን ከአራት ሰዓት በኋላ ባለው ዋጋ ይሁን፣ አለበለዚያ ያልኖርክበትን ህይወት ነው ምትለካው።

ስቶፑ ግን ኤክስቼንጁ ላይ ተቀምጦ ይደር፣ በጭንቅላትህ ውስጥ አይደለም። መብራት ሲጠፋ፣ ኔትወርክ ሲቆረጥ፣ ያኔ ነው ምታመሰግነኝ።

ዱባይ_ለሊት፦
ስቶፕም ቢሆን ኦክቶበር 10 አይነት ቀን ላይ ካስቀመጥክበት በታች ነው ሚሞላው ተንሸራቶ። ስቶፕ ማርኬት (ባገኘው ዋጋ የሚሸጥ) እንጂ ስቶፕ ሊሚት (ከወሰንከው ዋጋ በታች የማይሸጥ) አታርገው፣ ሊሚቱን ዘሎት ካለፈ ሳትሸጥ ትቀራለህ።

ቦሌ_ሆልደር፦
ስቶፕ ሊሚት ላይ እስማማለሁ፣ ጓደኛዬን እንደዛ ነው የበላው።

ናቲ_ሳሪስ፦
እና የትኛውን ልያዝ በመጨረሻ? ሱፐርትሬንድ ብቻ? ወይስ የጋሼን 50 እና 200

ባለ200፦
አንዱን ያዝ። 50 እና 200 ላንተ ዕድሜ ይዘገይብሃል ትሰለቻለህ፣ ስትሰለች ደግሞ ወደ 15 ደቂቃ ትመለሳለህ። በ1983 ሪቻርድ ዴኒስ ቺካጎ ውስጥ ልምድ የሌላቸውን ሰዎች ሰብስቦ ያስተማረው ህግ ካሉት ሁሉ ቀላሉ ነው፣ የ20 ቀን ከፍተኛውን ዋጋ ሲሰብር ግዛ፣ የ10 ቀን ዝቅተኛውን ሲሰብር ውጣ። የዶንቺያን ቻናል ይባላል ነፃው ቻርት ላይ አለ፣ መስመሩ የት እንዳለ ምን ማለት እንደሆነ ለልጅህም ማስረዳት ትችላለህ። ክሪፕቶ ላይ ፌክአውት (ሰበረ ተብሎ የሚመለስ) ይበዛበታል፣ የ55 ቀኑን መግቢያ ከ20 ቀን መውጫ ጋር ብታደርገው ጥቂት ትሬድ ነው ሚሰጥህ። ሱፐርትሬንድም አይከፋም። ዋናው ዛሬ የመረጥከውን በስድስት ወር ውስጥ አለመቀየርህ ነው።

ትዕግስት_ኤፍኤክስ፦
ከኤዲኤክስ ጋር አጣምሮ ቢሆንስ ጋሼ? ከ20 በታች ሲሆን ብሬክአውቱን (የመስመሩን መሰበር) አለመውሰድ?

ባለ200፦
እሱ ላይ አልስማማም ልጄ። ትልልቆቹ ብሬክአውቶች ሚነሱት ልክ ገበያው ከተኛበት ነው፣ ኤዲኤክስ ያኔ ታች ነው ያለው። ማጣሪያሽ ምርጧን ትሬድ ያጣራብሻል። ሞክሪውና አምጪው ካልሽ ግን እሰማለሁ።

ትዕግስት_ኤፍኤክስ፦
ልክ ነው እሱን አስቤው አላውቅም ነበር። ኤዲኤክሱ ከታች እየወጣ ያለ ሲሆን ብቻ ተብሎ ቢሞከር… እሰራዋለሁ።

ኮደሩ፦
ሁለቱንም እኔ ልጻፈው፣ ዶንቺያን 20 እና 10፣ 55 እና 20፣ ከኤዲኤክስ ጋርና ያለ ኤዲኤክስ፣ ቢትኮይንና ኢቴሪየም ዴይሊ ከ2018 ጀምሮ። ከመግቢያው በፊት የአራት ሰዓቱን መዘግየት አስገብቼ። ቅዳሜ ኮዱን እዚሁ እለጥፋለሁ፣ ኮሚሽኑ በእያንዳንዱ ጎን 0.1 ፐርሰንት ተሞልቶ ነው ሚመጣው፣ ዜሮ አርጋችሁ አስሩጣችሁ ስክሪንሾት እንዳትልኩልኝ።